ጃማር፣ ታኬይ ወይስ ካምሪ? የልጆችንና የወጣት ስፖርተኞችን የመጨበጥ ኃይል ለሚለኩ

የመጨበጥ ኃይል መለኪያ፣ በሌላ ስሙ ዳይናሞሜትር፣ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ልጁ ይጨብጣል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል። ችግሩ አብዛኞቹ መለኪያዎች የተሠሩት ለአዋቂ እጅ መሆኑ ነው፤ ዋና ሥራቸውም ከስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እጅ ምን ያህል እንዳገገመ ማሳየት ነው። ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን በየጊዜው ለሚለካ አሰልጣኝ፣ የስፖርት መምህር ወይም ፊዚዮቴራፒስት የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙም አይጠቅመውም። የሚፈልገው በአምናውና በዘንድሮው ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከዚያም ልዩነቱ ከልምምድ መጣ ወይስ ልጁ ስላደገ ብቻ የሚለውን ለመለየት ይሞክራል። ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። አንዳንዴ ከመሣሪያው የንባብ ስሕተት ያንሳል።

ስለዚህ በብዛት የሚታዩትን ሦስት መሣሪያዎች፣ ማለትም ሃይድሮሊኩን ጃማር፣ የጃፓኑን ዲጂታል ታኬይና አነስተኛውን ኤሌክትሮኒክ ካምሪ፣ የመዘንናቸው በአንድ ነገር ነው፤ በማደግ ላይ ያለን እጅ ለውጥ ያያሉ ወይስ አያዩም?

የሚፈለገው ለውጥ ስንት ኪሎ ነው?

ይህን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከካምሪው ጋር የሚመጣው ሰንጠረዥ ለየዕድሜው «መደበኛ» የሚለውን ክልል ያስቀምጣል። ለወንዶች ከ10–11 ዓመት ከ12.6 እስከ 22.4 ኪሎ፣ ከ12–13 ከ19.4 እስከ 31.2፣ ከ14–15 ከ28.5 እስከ 44.3፣ ከ16–17 ከ32.6 እስከ 52.4፣ ከ18–19 ከ35.7 እስከ 55.5 ነው። ለሴቶች በዚያው ቅደም ተከተል ከ11.8 እስከ 21.6፣ ከ14.6 እስከ 24.4፣ ከ15.5 እስከ 27.3፣ ከ17.2 እስከ 29.0፣ ከ19.2 እስከ 31.0 ይላል።

የየክልሉን መካከለኛ ወስዶ ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። በ10–11 ዓመት ወንዱ 17.5፣ ሴቷ 16.7 ናቸው፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወንዱ ወደ 25.3፣ ወደ 36.4፣ ወደ 42.5፣ በመጨረሻም ወደ 45.6 ይወጣል። ትልቁ ዝላይ ከ12–13 ወደ 14–15 ሲሻገር የሚታየው የ11 ኪሎ ጭማሪ ነው። ሴቷ ደግሞ ወደ 19.5፣ 21.4፣ 23.1 እና 25.1 በዝግታ ትሄዳለች፤ ከ12 ዓመት በኋላ በዓመት የምትጨምረው 1 ኪሎ ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህ የተለያዩ ልጆች አማካይ እንጂ የአንድ ልጅ ጉዞ አይደለም። ልጆች ሁሉም በአንድ ዕድሜ በድንገት ስለማያድጉ አማካዩ ዝላዩን ያለዝበዋል። አንድ ልጅ በራሱ ፈጣን ወራት ከሰንጠረዡ በላይ ይዘላል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ደግሞ ከሰንጠረዡ በታች ይጓዛል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከጉርምስና በፊት የሚታየው የኃይል ጭማሪ በአብዛኛው የሚመጣው ከቁመት፣ ከእጅ ርዝመትና ነርቭ ጡንቻን አዝዞ የማሠራት ችሎታው እየበሰለ ከመሄዱ ነው። በጉርምስና ጊዜ ወንዶቹ ላይ ቴስቶስቴሮን ይጨመርና የክንድ ጡንቻ ይወፍራል። ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ወቅት በአማካይ ለሴቶች 12፣ ለወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ የኃይል ዝላዩ ግን ከቁመቱ ጋር እኩል አይመጣም። በተለይ በወንዶች ከግማሽ እስከ አንድ ዓመት ዘግይቶ ይከተላል። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻው ኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ መሣሪያው በዓመት 1 ኪሎ የምትጨምርን ልጅ ማየት አለበት። መመዘኛው ይህ ነው።

ጃማር፦ የታመነ፣ ግን ለትንሽ እጅ ያልታሰበ

ጃማር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእጅ ሕክምና ክፍሎች ዋቢ መሣሪያ ነው፤ ሌሎች መሣሪያዎች ትክክል መሆናቸው የሚፈተሸው ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ተነጻጽረው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መያዣው ሲጨበጥ በታሸገ ዘይት ላይ ግፊት ይፈጠራል፣ ግፊቱ ሰዓት በሚመስለው ክብ ማሳያ ላይ ያለውን መርፌ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛ መርፌ ደግሞ ከፍተኛው ንባብ ላይ ቆማ ትቀራለች። መያዣው ራሱ በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ የለውም። እስከ 90 ኪሎ ያነባል። ጠንካራ አካል አለው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ያገለግላል።

ለልጆች ሲሆን ሁለት ነገሮች ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው፤ በኪሎው በኩል የተከፋፈለው በ2 ኪሎ ነው። 12 ኪሎ ለሚጨብጥ ልጅ አንድ ሰረዝ ማለት ከኃይሉ 17 በመቶ ገደማ ነው። ዓይኑ የሠለጠነ ሰው በሰረዞቹ መካከል ግማሹን ገምቶ 1 ኪሎ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ይህ እንግዲህ ከላይ ያየነው የሴት ልጅ የአንድ ዓመት ዕድገት በሙሉ ነው። 45 ኪሎ ለሚጨብጥ የ17 ዓመት የትግል ስፖርተኛ ግን ያው 1 ኪሎ ከ2 ነጥብ ጥቂት በመቶ አይበልጥም፤ እዚያ ጃማር ቦታውን አግኝቷል።

ሁለተኛው መያዣው ነው። አምስት ቦታዎች አሉት፤ ከ35 ሚሊሜትር ተነስቶ በ13 ሚሊሜትር ገደማ እየሰፋ እስከ 87 ሚሊሜትር ይደርሳል። ለአዋቂ የተለመደው ሁለተኛው ቦታ፣ 48 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ግን ከፍተኛ ኃይል የሚወጣበት የመያዣ ስፋት ከልጁ ስንዝር ሩብ በጥቂት ሚሊሜትር የሚበልጥ ነው። ስንዝሩ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ 4.4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህ ከአንደኛው ቦታ ይሰፋል፣ ከሁለተኛው ይጠባል። የጃማር መያዣ መሐል ላይ አይቆምም።

ለሁሉም ሁለተኛውን ቦታ ተጠቅሞ መቀጠል መፍትሔ ይመስላል፤ ብዙዎችም ይህን ያደርጋሉ። ነገር ግን እዚህ ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ልጁ 9 ዓመቱ ላይ መያዣው ይሰፋዋል፣ ጣቶቹ በደንብ አይታጠፉም፣ ኃይሉ ሳይወጣ ይቀራል። 12 ሲሞላው እጁ አድጎ መያዣው ልኩ ይሆናል። በመሐል የታየው ጭማሪ በከፊል የጡንቻ ሳይሆን የመያዣው ልክ መሆን ነው። ዕድገትን አጋንኖ የሚያሳይ መሣሪያ ከማያሳይ መሣሪያ የባሰ ነው፤ አሳማኝ ቁጥር ይሰጣልና።

ጃማር ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ዘይቱ በጣም በዝግታ ሲያፈስ ንባቡ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም፤ አሰልጣኙ ቡድኑ በሙሉ የደከመ ይመስለዋል። ከወደቀ በኋላ መርፌው ዜሮ ላይ መመለሱን ማየት ግዴታ ነው። የከፍተኛ ንባብ መርፌዋን ከእያንዳንዱ ልጅ በፊት ወደ ዜሮ መመለስ ስለሚረሳ ደካማው ልጅ ከፊቱ የነበረውን ጠንካራ ልጅ ቁጥር ይወርሳል። መያዣው ቦታ ሲቀየር ደግሞ አንዱ ጎን ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ሰዓቱ ላይ ፓውንድና ኪሎ ጎን ለጎን ስላሉ መዝጋቢው የትኛውን ክብ እንደሚያነብ ከመጀመሪያው ይወሰን፤ የ10 ዓመት ልጅ 44 ብሎ የተመዘገበ እንደሆነ 44 ፓውንድ ነው፣ ማለትም 20 ኪሎ።

ታኬይ፦ ለዚህ ሥራ ቅርቡ

ታኬይ ግሪፕ-ዲ የሚባለው ዲጂታል መሣሪያ ሐሳቡ ሌላ ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ መያዣው ሲጨበጥ በትንሹ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥሩ በማያው ላይ በ0.1 ኪሎ ልዩነት ይወጣል። ከ5 እስከ 100 ኪሎ ያነባል። ዋናው ብልጫው ግን መያዣው በብሎን የሚስተካከል መሆኑ ነው፤ ከ3.5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ድረስ በፈለጉት ላይ ይቆማል። 4.1 ቢፈለግ 4.1 ነው። በአውሮፓ ለልጆችና ለወጣቶች የተዘጋጀው አልፋ የተባለው የአካል ብቃት ፈተና ይህንን ዓይነት መሣሪያ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ልኩን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ልጁ እጁን ማስመሪያ ላይ እስከቻለው ዘርግቶ ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቱ ጫፍ ያለውን ስንዝር መለካትና፣ ከ12 ዓመት በታች ከሆነ፣ ሩቡን ወስዶ ጥቂት ሚሊሜትር መጨመር ነው። ስንዝሩ ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጠጋጋል፤ ከዚያ በላይ መራቀቅ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ጃፓኖች በትምህርት ቤት ፈተናቸው የሚጠቀሙበት ነው፤ ልጁ መያዣውን ሲይዝ የጠቋሚ ጣቱ ሁለተኛ መገጣጠሚያ ወደ ዘጠና ዲግሪ የታጠፈ እንዲሆን ማስተካከል። ለብዙ ልጆች በተራ ሲለካ ሁለተኛው ይፈጥናል። ለክትትል ግን የመጀመሪያው ይሻላል፣ ምክንያቱም ስንዝሩ ራሱ የሚመዘገብ የዕድገት ቁጥር ነው።

እንከኑስ? ከ5 ኪሎ በታች አያነብም፤ ስለዚህ በጣም ትንንሽ ልጆች ላይ ወይም የተጎዳ እጅ ላይ ባዶ ሊወጣ ይችላል። ስፕሪንግ ያለው ስለሆነ ከጃማር ጋር ቁጥሩ አይቀላቀልም። አምና በጃማር ተለክቶ ዘንድሮ በታኬይ የተለካ ልጅ ጭማሪው ምን እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። መያዣውን የሚያስተካክለው ብሎን ደግሞ በብዙ ልጅ እጅ ሲያልፍ ቀስ እያለ ይዞራል፤ በየአምስት ልጁ በማስመሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል። የብረት መያዣው በላብ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ በየተራው ደረቅ ጨርቅ።

ካምሪ፦ መለኪያው ጥሩ፣ ፍርዱ መጥፎ

ካምሪ ኢኤች101 በዘርፉ በጣም የተስፋፋው ርካሹ ዓይነት ነው። ውስጡ የኃይል ዳሳሽ አለው፣ 90 ኪሎ ድረስ በ0.1 ኪሎ ልዩነት ያነባል፣ መያዣው ይስተካከላል፣ የ19 ሰው መረጃ ይይዛል፣ ቀላል ነው። ለትምህርት ቤትና ለክለብ ደህና መሣሪያ ነው። በክብደት ከተፈተሸና በየጊዜው ከተረጋገጠ ለክትትል ይበቃል።

ማያው ላይ «ደካማ፣ መደበኛ፣ ጠንካራ» ብሎ የሚፈርደው ነገር ግን መዘጋት ይገባው ነበር። ፍርዱ የሚሰጠው በጾታና በዕድሜ ብቻ ነው፣ የልጆቹ ዕድሜም በሁለት ሁለት ዓመት ተከፍሏል። 28.0 ኪሎ የሚጨብጥ ወንድ ልጅ 13 ዓመት ከ11 ወር ሲሆነው በመደበኛው ክልል የላይኛው ግማሽ ውስጥ ነው። 14 በሞላ ማግሥት በዚያው 28.0 ኪሎ «ደካማ» ይባላል፣ መስመሩ 28.5 ነውና። አንድ ቀን ውስጥ ምንም ሳይሆን ደከመ። ጉርምስናው የዘገየ ልጅ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት በተከታታይ ደካማ እየተባለ ያድጋል፤ ማያውን ራሱ ልጁ ነው የሚያየው። ቁጥሩን ብቻ ለማውጣት እንዲረዳ የሁሉንም ልጅ ዕድሜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሙላትና ውጤቱን በደብተር ወይም በኮምፒውተር ሰንጠረዥ መያዝ ይሻላል።

እንደ አብዛኞቹ ዲጂታል ሚዛኖች ሲበራ መያዣው መነካት የለበትም፤ ልጁ ጨብጦ እያለ ቢበራ ዜሮው ይዛባል። ሰውነቱ ፕላስቲክ ስለሆነ መውደቅን አይወድም። ባትሪው ሲደክም ንባቡ መዋዠቅ ከጀመረ የዚያን ቀን ውጤት ማመን አይገባም።

አራተኛ አማራጭ ስላለ በአጭሩ እንጥቀሰው፤ ማርቲን ቪጎሪሜትር። በሦስት መጠን የሚመጣ የጎማ ፊኛ ነው፣ ልጁ ይጨምቀዋል፣ ንባቡ በኪሎፓስካል ይወጣል። ለትንንሽ ልጆችና መገጣጠሚያው ለሚያም እጅ ይመቻል። ነገር ግን የሚለካው ግፊት እንጂ ኃይል አይደለም፤ ግፊት ኃይል በስፋት ሲካፈል ነው። እጅ ሲያድግ ፊኛውን የሚነካው ቦታ ይሰፋል፣ ስለዚህ ዕድገትን ለመከታተል አይመረጥም።

አለካኩ ከመሣሪያው ይበልጣል

ሁለት ዋና አቋሞች አሉ። የእጅ ሐኪሞቹ መንገድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ትከሻ ከጎን ተጠግቶ፣ ክርን ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ፣ የእጅ አንጓ ቀጥ ብሎ ወይም በትንሹ ወደ ኋላ ተነስቶ፣ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አማካዩ የሚያዝበት ነው። ጃማር የተለመደው በዚህ ነው። ለልጆች የብቃት ፈተና የሚውለው ሌላው መንገድ ቆሞ፣ ክርን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ እጁ ሰውነትን ሳይነካ፣ በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ጊዜ ነው፤ የየእጁ የተሻለው ይያዛል። ሁለቱም ይሠራሉ። አንዱን መርጦ ለዓመታት አለመቀየር ነው ዋናው።

ልጅ ሲጨብጥ ትከሻውን ያነሳል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ እጁን ጭኑ ላይ ያስደግፋል፣ መሣሪያውን እንደ መዶሻ ያወዛውዛል። እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ያነሳሉ። ለካሹ ከጎን ሳይሆን ከፊት ይቁም። ጭብጡ ድንገት ሳይሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ሙሉ ኃይል እየወጣ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይቆይ፤ በመሐል «ጨብጥ፣ ጨብጥ፣ አትልቀቅ» የሚለው ድምፅ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለአንዱ ተጩሆ ለሌላው ዝም ከተባለ የተለካው የአሰልጣኙ ድምፅ ነው። በጩኸት ድጋፍ የሚሰጡ ጓደኞችም ከክፍሉ ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል።

በሙከራዎች መካከል ለአንድ እጅ አንድ ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል፤ እጆቹን እያቀያየሩ መለካት ጊዜ ይቆጥባል። ሁለቱ የአንድ እጅ ንባቦች ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ሦስተኛ ይጨመር። ሦስተኛው ከሁለቱም ከበለጠ ልጁ ገና እየለመደ ነው ማለት ነው። ይህ መልመድ ቀላል አይደለም፤ ልጆች ጡንቻቸውን በሙሉ ማዘዝ የሚማሩት በሙከራ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ውጤት መነሻ ሆኖ አይያዝም። አንድ ቀን ለልምምድ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለመዝገብ። ይህች አንዲት እርምጃ ስትዘለል «በስድስት ሳምንት የተገኘ እመርታ» የሚባለው ብዙ ነገር ይፈጠራል።

ሰዓቱም ይያዝ። የመጨበጥ ኃይል ከጠዋቱ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ከፍ ይላል፤ ቀዝቃዛ ክንድ ደግሞ ያነሰ ይሰጣል። ከልምምድ በኋላ የተለካ የጁዶ ተጫዋች ከልምምድ በፊት ከተለካው ራሱ ጋር አይነጻጸርም። በልምምዱ ቀን ከማሟሟቂያ በኋላ፣ ከዋናው ሥራ በፊት መለካት ይሻላል።

የጣት መገጣጠሚያው ወይም የእጅ አንጓው የሚያመው ልጅ አይለካም። ይህ ለይስሙላ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ጉርምስና ላይ ያሉ፣ በገደል ላይ በእጅ እየተንጠለጠሉ የሚወጡ ተራራ ወጪዎች በመካከለኛው ጣት አጥንት የማደጊያ ሰሌዳ (አጥንቱ የሚረዝምበት ክፍል) ላይ በድካም የሚመጣ ስብራት ያገኛቸዋል፤ ጂምናስቲክ የሚሠሩ ደግሞ በክንድ አጥንት ታችኛ ጫፍ፣ አንጓው አጠገብ። ሙሉ ኃይል መጨበጥ ያንን ያባብሳል።

ስፖርተኛና ስፖርተኛ ያልሆነ ሲነጻጸሩ

መሣሪያው ተመርጦ፣ አለካኩ ተስተካክሎ ሲያልቅ ነው እውነተኛው ጭንቀት የሚጀምረው። የ13 ዓመት የእጅ ኳስ ቡድን ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸር ቡድኑ ይበልጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ልምምዱ ነው ያጠነከራቸው? በ13 ዓመት የሚመረጡት ልጆች ብዙ ጊዜ ጉርምስናቸው የቀደመ፣ ቁመታቸው የረዘመ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ናቸው። የመጨበጥ ኃይል ከቁመት፣ ከክብደትና ከእጅ መጠን ጋር በጣም የተቆራኘ ስለሆነ ልዩነቱ ከልምምዱ በፊት ገና በምርጫው ቀን የነበረ ሊሆን ይችላል። በ17 ዓመት ዘግይተው የጎረመሱት ሲደርሱ ያ ብልጫ ይጠብባል። ስለዚህ ንጽጽሩ ቢያንስ ቁመታቸውና ክብደታቸው በሚቀራረብ ልጆች መካከል ይሁን።

ቁመት በየሦስት ወሩ ከመጨበጥ ኃይል ጋር አብሮ ይለካ። በዓመት ሲሰላ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር እየጨመረ ያለ ልጅ በፈጣኑ ወቅት ላይ ነው፤ ቀጣዩ የኃይል ዝላይ ልምምድ ባይኖርም ይመጣል። ፍጥነቱ ቀንሶ ኃይሉ መጨመሩን ከቀጠለ ያኔ ስለ ልምምድ መናገር ይቻላል።

ኃይሉን በሰውነት ክብደት አካፍሎ መያዝ የተለመደ ነው፣ በተለይ ሰውነትን በእጅ በሚሸከሙ ስፖርቶች። እዚህም ወጥመድ አለ። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 20 ኪሎ ቢጨብጥ 0.50 ነው። በዓመቱ 47 ኪሎ ሆኖ 22.5 ቢጨብጥ 0.48 ይወጣል። ኃይሉ ከ12 በመቶ በላይ ጨምሯል፣ ጥምርታው ግን ወርዷል። ልጁ አልደከመም፤ ክብደቱ ቀድሞ መጣ፣ ኃይሉ ይከተላል። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ እንጂ አንዱን ብቻ መያዝ አይበቃም።

ስፖርቱም ይለያል። በሩጫና በእግር ኳስ ላይ ያለ ልጅ ሰውነቱ ከሚመስለው ስፖርት የማይሠራ ልጅ ብዙም ባይለይ አያስገርምም፤ ክንዱን የሚያሠራው ነገር የለም። ትግል፣ ጁዶ፣ ቴኒስ፣ ቀዘፋ፣ እጅ ኳስና ተራራ መውጣት ላይ ነው ልዩነት የሚፈለገው። ቴኒስ ላይ ከድምሩ ይልቅ የሁለቱ እጆች ልዩነት ይናገራል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተራ ሰው ቀኙ ከግራው 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ግራኞች ላይ ሁለቱ እጆች ወደ እኩል ይጠጋሉ። ራኬት የሚይዘው እጅ ከዚህ በላይ እየራቀ መሄዱ ከስፖርቱ የመጣ ነው፤ በድንገት መቀራረቡ ደግሞ ክርኑን መፈተሽ የሚያስፈልግበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጁዶና ትግል ላይ ግን ከሦስቱም መሣሪያዎች የሚወጣው ከፍተኛ ቁጥር የሚፈለገውን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረው። ተጋጣሚውን ይዞ የሚቆየው ልጅ አንዴ 40 ኪሎ የሚጨብጠው ሳይሆን 30ውን ደጋግሞ የሚጨብጠው ነው። በዲጂታሎቹ 10 ጭብጦች በ10 ሰከንድ ልዩነት አድርጎ የመጨረሻዎቹን ሦስት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው፤ በጃማር መርፌውን በየ10 ሰከንዱ እየመለሱ ማንበብ ያስቸግራል። ተራራ መውጣት ላይ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ዓላማውን ይስታል። ዳይናሞሜትር ሲጨበጥ መዳፍና አውራ ጣት ይሠራሉ፤ ወጪው ግን በቀጭን ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው በአራቱ ጣቶች ጫፍ ነው። ለዚያ የሚሻለው ሚዛን የተገጠመለት ጠርዝ እንጂ ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

በስፕሪንግ መጭመቂያ ሲለማመዱ የሰነበቱ ልጆች ዳይናሞሜትሩ ላይ ጥሩ ቁጥር ያመጣሉ፤ እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ነውና። ያ ቁጥር ሜዳ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ተመልሶ መምጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መሣሪያውን በቤት መፈተሽ

በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ባለሙያ መላክ ተገቢ ነው፤ በመሐል ግን በየሦስት ወሩ መፈተሽ ከባድ አይደለም። ክብደታቸው የተረጋገጠ 5፣ 10፣ 20 እና 30 ኪሎ ያስፈልጋሉ። መሣሪያው ቀጥ ብሎ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፤ ከመያዣው መሐል 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማሰሪያ ክብደቱ ይሰቀላል። ቀጭን ገመድ አይሆንም፣ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚጫን ንባቡን ያዛባል። ቀስ ብሎ ይለቀቅ፤ ከተወረወረ ከፍተኛ ንባቡ ከእውነተኛው ክብደት በላይ ይመዘግባል። ክብደቱን እየጨመሩ፣ ከዚያ እንደገና ከ5 እየጀመሩ በሌላ ቀን መድገም ይበጃል። ታኬይ ላይ 5 ኪሎው የንባቡ የመጨረሻ ጠርዝ ስለሆነ ከ10 መጀመር ነው። በሁሉም ክብደት ላይ አንድ ዓይነት ልዩነት ከታየ፣ ለምሳሌ ሁሌ 0.6 ኪሎ ከፍ ካለ፣ ዜሮው ነው የተዛባው። ክብደቱ ሲጨምር ልዩነቱም እየሰፋ ከሄደ መሣሪያው ወደ ጥገና ይሂድ፤ በዚያ መሣሪያ የተገኙት ያለፉት ሦስት ወራት ቁጥሮችም በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግባቸው።

ለማን የትኛው?

ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ለዓመታት ለሚከታተል ቡድን ታኬይን እንመርጣለን፤ የመያዣው ስፋት ብቻውን ምርጫውን ይወስነዋል። በጀቱ ጠበብ ያለ ትምህርት ቤት ካምሪን ገዝቶ ፍርዱን ችላ ብሎ ቁጥሩን ቢይዝ ብዙ አያጣም፤ ሁለት ካምሪ ገዝቶ አንዱን ለማመሳከሪያ ብቻ በካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ብልህነት ነው። ጃማር ከ15 ዓመት በላይ ላሉና ጉዳት ላይ ላለ እጅ ይሁን፤ በተለይ ውጤቱን ለሐኪም የሚያሳይ ሰው ሐኪሙ የሚያውቀው ቁጥር ያ ነው። ጃማር ያለው ክለብ መሸጥ አያስፈልገውም፤ ለትንንሾቹ ግን በመዝገቡ ላይ የመያዣውን ቦታና የልጁን ስንዝር በየጊዜው ይጻፍ፣ ቦታው የሚቀየርበት ቀን ሲመጣም በዚያው ቀን በሁለቱም ቦታዎች ለክቶ ሁለቱንም ቁጥሮች ይያዝ።